ስለ ተከራየኸው ሰርቨር

ስማ፣ ቁልፉን ጎረቤት ትቼልሃለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ሳይበላሽ ብላው።

ትናንት ከጓደኞቻችን ጋር በኢንተርኔት የምንጫወተው ጨዋታ ውስጥ ስገባ ከታናሽ እህቴ በቀር ማንም የለም። «ሰዎቹ የት ገቡ?» አለችኝ። ለካ አንተ ጨዋታውን የሚያስተናግድ ሌላ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር፣ ተከራይተህ ሁሉንም ወደዚያ ወስደሃቸዋል!

መከራየት ይሻለናል ብትለኝ እኮ እሺ እል ነበር። ጨዋታው ቤታችን ባለው ኮምፒውተር ላይ እየተቆራረጠ እኔንም አሰልችቶኛል። ግን አብረን የገነባነውን ከተማ ወደ ሰርቨሩ ገልብጠህ ስትወስድ፣ እኔ የዚያን ማሽን ጩኸት ችዬ አጠገቡ እተኛ ነበር።

ይህን ያደረግከው በሰው ፊት ስለጮኽኩብህ ከሆነ፣ ይቅርታ።

እህቴን ያልወሰድካት ለእኔ እንዳትናገር ብለህ ነው መቼስ።

ወንድሜ ቤት ነኝ፤ አትደውል።

ኮምፒውተሩን ግን እንዳታጠፋው። እህቴ ዛሬም እሱ ላይ ወዳለው የድሮ ከተማችን ገብታ ትጠብቃችኋለች። እኔ ትታችኋት እንደሄዳችሁ አፌን ሞልቼ ልነግራት አልቻልኩም።

አንተው ገብተህ ንገራት።