ማክሰኞ ስለማይኖረውና ቅዳሜ ስለሚነቀለው ምሰሶ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎን ያመዎታል ሲባል ሰምቼ፣ ለእኛ ሲሉ ያን ያህል ዘመን ወንበር ላይ የተቀመጠ ወገብ ቢታመም አይገርምም እያልኩ፣ ፈጽሞ እንዲሻልዎ ተመኝቻለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁት፣ እርስዎም በስብሰባ መካከል «ባለ ሽቦው» ብለው ሁሉንም ያሳቁብኝ የምድር ቤቱ ነዋሪ ነኝ። ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች የት እንደደረሱ ስላላወቅሁ፣ ይህችን ደብዳቤ ለጎረቤቶቼም እንድትታይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያታለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ ላስረዳ። ምሰሶዬ የመነጋገሪያ ሬዲዮዬ አንቴና ሲሆን፣ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እየተሳበ የሚረዝም፣ ሲሰበሰብ ግን ከአልጋ ሥር የሚገባ ነው። አንድ ቀጭን ሽቦ ከጫፉ እስከ እግሩ ይወርዳል፤ አራት ሽቦዎች ሣሩ ላይ ይዘረጋሉ፤ ሦስት ገመዶች ወጥረው ያቆሙታል። ለመትከል አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ለመንቀል ስምንት ይበቃኛል። በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ የምተክለው፣ ስልክ በማይሠራበት ተራራ ላይ ብቻውን የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ለማነጋገር ነበር። ሬዲዮን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ለግል መነጋገሪያ የሚሰጠውን የአማተር ሬዲዮ ፈቃዳችንንም ያወጣነው በአንድ ቀን ነው። ሌላ መገናኛ አልነበረንም።

አቤቱታዎቼ እነሆ።

፩. ምሰሶዬ ግንባታ ነውና ፈቃድ ያስፈልገዋል አሉ፤ ታዘዝኩ። ተቆጣጣሪዎ የሚዞሩት ማክሰኞ ብቻ ነውና ማክሰኞ መጡ። ከአልጋ ሥር ጎትቼ ባሳያቸው፣ የሚመዘግቡት ቆሞ ያገኙትን ብቻ መሆኑን ነገሩኝ፤ ላቁመው ብል ደግሞ ያለ ፈቃድ ማቆም ክልክል መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ከዚያም «በቦታው ምንም የለም» ብለው ጽፈው አስፈረሙኝ። ጽሕፈት ቤትዎም ለሌለ ነገር ፈቃድ አይሰጥም ብሎ መለሰኝ። ቅዳሜ ስተክለው ዘበኛው በትእዛዝዎ ነቀሉት። ሦስት ማክሰኞና ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ምሰሶዬ ተወስዶ ቢሮዎ ውስጥ ተቆለፈበት። ማክሰኞ የማይኖር፣ ቅዳሜ ግን የሚወረስ ንብረት ባለቤት ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪. የሁለተኛ ፎቋ እመቤት ምሰሶው ራስ ምታት እንደለቀቀባቸው አመልክተው እርስዎም አምነዋቸዋል። ባመለከቱበት ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ምሰሶው ከከረጢቱ አልወጣም ነበር። ለማንኛውም ምሕረቱን ያውርድላቸው።

፫. በመካከሉ፣ እርስዎን ላለማስቸገር ብዬ፣ በዚህ ጉልበቴ በአንድ እጄ ምርኩዝ በሌላው ምሰሶ ይዤ ኳስ ሜዳው ድረስ ሄጄ ነበር። የሜዳው ጠባቂ ከማኅበርዎ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳመጣ ጠየቁኝ። ማኅበርዎ ደግሞ ስለሌለ ነገር ድጋፍ አይጽፍም።

፬. ወንድሜ ታሞ ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ፣ እኔ ባዶው ሣር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ እሱ ይጠራኝ ነበር። ይህን ያወቅሁት ድምፁን በሬዲዮ የሰሙ አንድ የሌላ አገር አማተር፣ አድራሻዬን ከአማተሮች መዝገብ ፈልገው በጻፉልኝ ደብዳቤ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ እየደጋገመ ጠርቶኛል። በመጨረሻም ምሰሶህን ነፋስ ጥሎብህ ይሆናል፣ አይዞህ፣ ገመዶቹን ጠበቅ አድርገህ ወጥራቸው ብሎ ዘጋ። ሐሙስ ዕለት ሞተ። አንጀቴ አርሯል፣ ክቡር ሆይ። ወንድሜ እርስዎ ነፋስ መስለውት ሞተ፤ እኔም አይደለም የምልበት መንገድ አልነበረኝም።

ስለ ሣራችን ደኅንነት ያደረጉትን ጥበቃ እያደነቅሁ፣ ለወገብዎ ጤና ለወንበርዎም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ባለ ሽቦው፣ ከምድር ቤት

በተረፈ፦ ምሰሶዬን ከቀብር ስመለስ ዘበኛው አንገታቸውን ደፍተው መልሰውልኛል፤ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነውና ተቆጣጣሪዎ መጥተው፣ ግቢውን ዞረው፣ «በቦታው ምንም የለም» ብለው ጻፉ። በዚህ ጊዜ ሳልከራከር ፈርሜያለሁ።