ለቪዲዮ ዳኛው ወንድሜ፣ ከሰኞ በፊት

ውድ ጭምቱ፣

ብደውልልህ እንደማታነሳ ስለማውቅ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት። አንብበህ ስትጨርስ ብትቀደው ቅር አይለኝም፤ ሳታነብ ግን አትቅደደው። ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። የሚጠይቁኝ ስላንተና ስለ ባለቤቴ ነው። እዚያ የምለውን ከሰው አፍ ሳይሆን ከኔው እንድትሰማው ፈለግኩ።

የዚያን ቀን ጨዋታውን የት ሆኜ እንዳየሁት አታውቅም። ስታዲየም አልሄድኩም። ባለቤቴ የሚያሰለጥነው ቡድን አቻ ከወጣ ሊጉ ላይ ይቆያል፤ ከተሸነፈ ይወርዳል፤ እሱም ሥራውን ያጣል። ያንን ቁጭ ብዬ የማይበት አንጀት ከየት ላምጣ? ለአንዲት ደንበኛዬ የሳሎን መጋረጃ ልለካ ሄጄ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ሜትሬን ስዘረጋ ቴሌቪዥናቸው ተከፍቶ ነበር። አባወራው የማን ሚስት እንደሆንኩ አያውቅም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የኛ ተከላካይ ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ ዘሎ አገባው። አንድ ለአንድ! ከነሜትሬ ከወንበሩ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ዳኛው ጆሮውን ያዘ።

የሚያዳምጠው አንተን እንደሆነ በምን አውቄ! ወደ ሜዳው ጠርዝ ሮጦ ስክሪኑን አየ፤ ተመልሶ በጣቶቹ አራት ማዕዘን ሠራና ክንዱን መታ መታ አደረገ። በእጅ ነው፤ ጎሉ ተሰረዘ። አባወራው ሶፋው ላይ እየተንፈራፈረ፣ "አሁን ነጎድጓድን እዩት! ስታዲየሙን ነው የሚያፈርሰው!" አለ። ተጫዋቾቹ ለባለቤቴ ያወጡለት ስም ለካ እዚህም ደርሷል። ካሜራው ወደ እሱ ዞረ።

አልጮኸም። እጁን ኪሱ ከቶ መሬት መሬቱን ያያል።

ያንን ሰውዬ እኔም አንተም እናውቀዋለን። ለአንድ የእጅ ውርወራ ብሎ የውሃ ጠርሙሶቹን ከነሳጥናቸው በካልቾ ያነሳ፣ ከሜዳ ሲባረር አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የተሳደበ ሰው ነው። የቪዲዮ ዳኝነቱ የገባ ሰሞን ደግሞ ደስታው ልክ አልነበረውም። "ከእንግዲህ ማንም ዓይናችን እያየ አይበላንም" ይል ነበር። በቪዲዮ ፍጹም ቅጣት ምት ያገኘ ቀን "ቴክኖሎጂ የምስኪን ጠበቃ ነው" ብሎ መግለጫ ሰጠ። በሁለተኛው ሳምንት ሲሰጥበት፣ "ማሽኑ ምን ያድርግ? ችግሩ ማሽኑ ጀርባ የተቀመጠው ነው" አለ። ቤታችን ራት ላይ ትልቁን ሥጋ ያነሳ ሰው ሁሉ ላይ ልጆቹ በጣታቸው አራት ማዕዘን እየሠሩ "ይታይልን!" ሲሉ፣ አንተ እንኳን ከዚያ ሁሉ ጭምትነትህ ጋር እንባህ እስኪመጣ ስቀህ ነበር።

ስለዚህ ዝም ሲል ደነገጥኩ። በመግለጫው ላይ "ዳኞቹ ሥራቸውን ሠርተዋል" ብሎ ሲነሳማ የባሰውን ደነገጥኩ። የተጋጣሚው አሰልጣኝ ጋዜጠኞቹን "ሰውየው ታሟል እንዴ?" ብሎ አስቋቸዋል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ቤት ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ቪዲዮው ክፍል ማን ነበር?" አልኩት። የዳኞቹን ስም ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

"ወንድምሽ" አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንተን ነው። ባለቤቴ በየራቱ ላይ "ዳኛ ማለት ኳስ እምቢ ያለው ሰው ነው" እያለ ሲቀልድብህ ፈገግ ብለህ የምታልፈው፣ የሆነ ቦታ እያጠራቀምከው ይሆን? አልኩ። ደግሞስ እንዴት እዚያ ተቀመጥክ? ዘመድ የዘመዱን ጨዋታ እንደማያጫውት አውቃለሁ። ኋላ ሳጣራ ለካ ደንቡ የሚለው ሜዳ ላይ ለሚያፏጨው ብቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ ስክሪን የሚያየውን ሰው ገና አላሰቡትም። አንተ ግን ታውቅ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ይሄኔ ሐሙስ ትዝ አለኝ። ከጨዋታው በፊት በነበረው ሐሙስ ከሱቅ ስመለስ አንተና ባለቤቴ በራችን ላይ መኪና ውስጥ ነበራችሁ። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ መስኮቱ ተዘግቷል። እኔን ስታይ ወርደህ ጉንጬን ሳምከኝ፤ ከንፈርህ ቀዝቃዛ ነበር። "ግባ እንጂ" ስልህ "እቸኩላለሁ" ብለህ ሄድክ። አንተ ቸኩለህ አታውቅም።

ቤትህ ድረስ መጣሁ። ሚስትህ በሩን ገርበብ አድርጋ "እትዬ፣ የለም፤ ከከተማ ወጥቷል" አለችኝ። ይህን ስትለኝ ከውስጥ የሬዲዮው ድምፅ ድንገት ተቆረጠ። አልፈረድኩባትም፤ ውሸት አይሆንላትም፣ አንገቷ ድረስ ቀላች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርጣሬው አላስተኛ አለኝ። ምን ተዋውላችኋል? ተዋውላችሁ ከሆነስ ጎሉ ለምን ተሰረዘ?

ባለቤቴን ክለቡ አሰናበተው። የልምምድ ኮኖቹን ከመኪናው እያወረደ ዕቃ ቤት ሲደረድር ደረስኩበት።

"ሐሙስ መኪና ውስጥ ምን አልከው?"

"ምን እለዋለሁ? ስለ ልጆቹ ስናወራ ነበር።"

"ስለ ልጆች ለማውራት መስኮት አይዘጋም።"

ኮኖቹን አስቀምጦ ግድግዳውን ተደገፈ። "አንቺ ደግሞ ከያዝሽ አትለቂም" አለ።

"አልለቅም። ንገረኝ።"

"'አጠራጣሪ ነገር ከመጣ እኛን አስበን' አልኩት። ይሄው ነው።"

"እሱስ?"

"'ጋሼ፣ ይሄን አልሰማሁህም' አለኝ። ከዚያ አንቺ መጣሽ፤ ወረደ።"

ለምን እንዳልጮኸ ያኔ ገባኝ። አፉን ከከፈተ አንተም ትከፍታለህ ብሎ ነው የፈራው። አሥር ቀን አላናገርኩትም። ልጆቹ "አባዬን ንገሪው" "እማዬን ንገራት" እየተባሉ ሲመላለሱ ሰነበቱ።

ዝምድናችሁን ጋዜጠኞቹ ከደረሱበት በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። ግማሹ "አማቹን ሊጥል ነው" አለ፤ ግማሹ "ከሌላው ቡድን በልቷል" አለ። የማታውቀው ባለቤቴ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዶ የሆነውን ነው። ወንበሩ ላይ ፎጣ አጥልቆ ተቀምጦ ሳለ ከኋላው ወረፋ የሚጠብቁት ስምህን እያነሱ "የተገዛ ሌባ" ይሉሃል። ግማሹ እንደተቆረጠ ብድግ ብሎ ወጣ። ቤት ሲመጣ በአንድ በኩል ጎፍሮ፣ በሌላው ተላጭቶ ነበር፤ ሳልወድ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

"ስንቱን ዳኛ 'ተገዝቷል' ብያለሁ" አለኝ። "ልገዛ የሞከርኩትስ እኔ። እሱ ምን አደረገኝ?"

በማግስቱ በእግሩ ፌዴሬሽን ሄዶ የተናገረውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሁለት ዓመት ሊያግዱት እንደሚችሉ ነግረውታል። አንተን ጠሩህ። አንተም ቀርበህ "አሰልጣኙ ስለ ጨዋታው አንስቶብኝ አያውቅም" አልክ።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "ለኔ ብሎ ነው! እንጀራዬን ሊያተርፍልኝ ነው የዋሸው!" ይላል። ያንተን ስም ሳይባርክ ምግብ አይቀምስም።

እኔ ግን እንደሱ ቶሎ አላምንም። እንዲህ ዓይነት ነገር የተባለ ዳኛ ለአለቆቹ ነግሮ ከጨዋታው መውጣት እንዳለበት አጣርቻለሁ። አንተ አልተናገርክም፤ ገብተህ ተቀመጥክ። አሁን "አዎ፣ ጠይቆኛል" ካልክ የዳኝነት ፈቃድህ ይሄዳል። ታዲያ የዋሸኸው ለማን ነው፣ ለሱ ነው ለራስህ? ብዙ ቀን አወጣሁ አወረድኩት። አንዳንዴ መልአክ ትሆንብኛለህ፤ ወዲያው ደግሞ ጥግ የያዘ ፈሪ ትሆንብኛለህ።

ጎሉንም በስልኬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከፊት ሲታይ ኳሱ ክንዱን ይነካል፤ ከኋላ ሲታይ ትከሻው ነው። ጠርቶ የሚታይ ነገር የለም። እንዲህ ዓይነቱን ደግሞ ሜዳ ላይ በተወሰነው እንደምታጸኑት ያስረዳኸኝ አንተው ነህ። ታዲያ ያን ቀን ዳኛውን ለምን ጠራኸው? ጭምቱ፣ ኮሚቴው የማይጠይቅህን እኔ ልጠይቅህ፤ ኳሱን ነበር ያየኸው ወይስ እኛን? ባለቤቴ የጠየቀህን እንዳልፈጸምክ ለራስህ ልታረጋግጥ ብለህ ይሆን የፈረድክበት? እንዲያ ከሆነ እሱ በቃሉ፣ አንተ በፍርሃትህ ያንን ቡድን በልታችሁታል። ሃያ ልጅ ከሊጉ ወርዷል። ያገባው ተከላካይ እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "እትዬ፣ ወላሂ እጄን አልነካኝም" ይለኛል።

መልሱን ለኔ ካልፈለግክ አትስጠኝ። ለራስህ ግን ስጠው።

ባለቤቴ ለኮሚቴው "ሚስቴ መኪና ውስጥ አይታናለች" ብሏቸው ኖሮ የሰኞው መጥሪያ በዚህ ምክንያት ነው የመጣልኝ። ትናንት ደግሞ፣ "ምንም አላየሁም በያቸው፤ እሱ አንዴ ለኔ ብሎ ዋሽቷል፤ አሁን ውሸቱ ከተገለጠ ወንድምሽ ይጠፋል" ብሎ ለመነኝ። አየህ፣ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ አንተን ሊያስጥል ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ አሥር ቀን የዘጋሁት ሰው ላይ መጨከን አቃተኝ። ቢሆንም እሺ አላልኩትም። ከወንድሜና ከባሌ አንዱን እንድመርጥ ቢያስገድዱኝ የማደርገውን አላውቅም፤ ያየሁትን አላየሁም ማለት ግን አልችልበትም።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚጠሩኝ። ቢሮው ሁለት ሰዓት ይከፈታል። ከኔ በፊት ገብተህ አንተው ብትነግራቸው፣ የኔ ቃል ያንተን የሚያጸና ይሆናል። ካልመጣህ ያንተን የሚያፈርስ ይሆናል። እኔ የምለው በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ፈቃድህን ቢወስዱብህ ቤቴ ቤትህ ነው፤ ሁለት ሥራ ፈት ወንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲጨቃጨቅ መጋረጃ መስፋት አያቅተኝም።

ሁለት ሰዓት ላይ ደረጃው ጋ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

አልከዳህም፤ አልዋሽልህምም።

እህትህ