የመስኮቱ ሥር ወንበር

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 2013፣ ፍራንክፈርት።
ጠዋት የወጣ፦ በርበሬ አራት ከረጢት፣ ሽሮ ሦስት፣ ጤፍ አንድ ጆንያ። የገባ የለም፤ ዕቃው ነገ ነው የሚደርሰው።

ዘሪሁኔ፣

ከሄድክ ሁለተኛው ብርድ ገባ። በዚህ ደብተር ዕቃ እንጂ ሐዘን ጽፌበት አላውቅም። ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁና ለአንተ ጻፍኩ።

የሮደልሃይሙ ቤታችን እንዳለ ነው። ልጃችን በቁመት አልፎሃል፤ በአማርኛ ስጠይቀው አሁንም በጀርመንኛ ነው የሚመልስልኝ። የሕክምና መጻሕፍትህን ከመደርደሪያው አላወረድኩም። ከፍቼ የጉበቱን ሥዕል አያለሁ፤ ጽሑፉን አልዘልቀውም።

ሱቅ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበርህም አልተነሳም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከላቦራቶሪ መጥተህ ስትቀመጥ፣ በርበሬ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ዓይኑን አሳይቶህ ነበር የሚሄደው። «ቢጫ ዓይን በአምፖል አይታይም፤ ወደ ብርሃኑ ዙር» እያልክ የዓይናቸውን ቆብ ዝቅ ታደርጋለህ። «ሱቄን ክሊኒክ አደረግከው» ስልህ፣ «አንቺም በርበሬሽን ለበሽተኞቼ መሸጥ ተዪ» ትለኝ ነበር።

ስለ ታናሽ እህትህ የነገርከኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ድንች እየላጥን። ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም» ብሎ ቤት ደብቆ ቅጠል አጠጣት። ሲብስባት ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ ምን እንደጠጣች ለሐኪሙ የሚናገር ግን ጠፋ፤ እዚያው ሞተች። «ሁሉም አፈረ» አልከኝና ድንችህን መላጥ ቀጠልክ። ዕድሜህን ሙሉ ጉበት ስታጠና ምክንያቱን ዳግመኛ አልጠየቅኩህም። በመጨረሻ የምትመራመረው ከሟች የተወሰደ ጉበት ለሌላ ሰው እስኪተከል ድረስ በቅዝቃዜ እንዴት እንደሚቆይ ነበር። «እንደ ቅቤሽ ነው፤ ቅዝቃዜ ያቆየዋል እንጂ የተበላሸውን አያድስም» ብለህ አስረዳኸኝ። ከዚያ ባቡር ስትጠብቅ ልብህ ቀጥ አለ። ጉበት ቢሆን ኖሮ ታውቅበት ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ማርታን ታስታውሳታለህ፤ ለጸሎት በምንከራየው አዳራሽ ከመዘምራኑ ፊት የምትቆመው፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ሬስቶራንት ኩሽና የምትሠራው። ሱቅ የምትመጣው ሁልጊዜ ከመሸ ነው። እሁድ ከጸሎት ስንወጣ ግን በቀን ብርሃን አየኋት፤ ዓይኗ እርድ መስሏል። ተቆጥቼም ለምኜም፣ አንተ ትሠራበት ወደነበረው ክሊኒክ ወሰድኳት። አስተኟት። ጉበቷ ካላገገመ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋታል፣ ተራ እንድትይዝ እያዘጋጀናት ነው አሉ።

ትናንት ልጠይቃት ስሄድ እጄን ይዛ ወደ ጆሮዬ ሳበችኝ። ድካም ሲሰማት እናቷ የወፍ መድኃኒት ቅጠል በከረጢት አድርገው በመንገደኛ ልከውላት፣ ለሳምንታት ስትጠጣው ቆይታለች። የቤቷን ቁልፍ ሰጠችኝ፤ ከረጢቱን አውጥቼ እንድጥል። «እትዬ፣ ለዶክተሮቹ እንዳትነግሪብኝ፤ በራሷ ላይ ያመጣችው ነው ብለው ከተራው ያስወጡኛል።»

ከረጢቱ አሁን ፊቴ ነው። አሸተትኩት፣ በጣቴ ፈተግኩት፤ ሣር ሣር ከማለቱ በቀር ምንም አልነገረኝም። ሊያታልለኝ የመጣ ደንበኛ ከበር ይታወቀኛል፤ እዚህ ላይ ግን ባዶ ነኝ። ብናገር ተራዋን አሳጣታለሁ ይሆን? ዝም ብል ሐኪሞቹ በጨለማ ሊሠሩ ነው። አንተ ብትኖር የአንድ ስልክ ነገር ነበር። ልጃችን ኢንተርኔት ላይ ሊያነብልኝ ሞከረ፤ አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ ይላል። ዘግተነው ተነሳን።

እኔ የቀረኝ «ሁሉም አፈረ» ያልከው ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ትክክል መሆኔን አላውቅም፤ ማርታም ዳግመኛ ላታናግረኝ ትችላለች። አንተን ግን በዚህ አስታውስሃለሁ፦ ሱቁ እስካለ ወንበሩ ከመስኮቱ ሥር አይነሳም፤ ደንበኛዬንም ሁሉ፣ ባላክመውም፣ ወደ ብርሃኑ አዙሬ አየዋለሁ።

ነገ፦ ሱቅ አርፍዶ ይከፈታል። መጀመሪያ ማርታ ጋ፤ ልናገር መሆኔን ፊት ለፊት መንገር። ከዚያ ከረጢቱን ለሐኪሟ በእጅ መስጠት። ስመለስ ዕቃ መረከብ።