ሳላነበው እሺ ያልኩት ደብዳቤ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት ወይ? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሌላ ጊዜ ጤናሽን የምጠይቀው እንደ ወጉ ነበር፤ ዛሬ ግን የምሬን ነው፣ እንዴት ነሽ? ከድንጋጤዬ ገና አልተመለስኩምና ነገሬ ቢዘበራረቅብሽ ታገሺኝ።

የቤታችሁ ኮምፒዩተር የጋራ ስለሆነ፣ የግል ነገር ስትጽፊልኝ ኢሜይልሽን እየቆለፍሽ እንድትልኪ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ስልኬ ውስጥ እኔ ብቻ በያዝኩት ቁልፍ ይከፈታል ብዬሽ ነበር። እስከ ክረምቱ ልክ ነበርኩ። ከዚያ ስልኬን ቀየርኩና አዲሱ ላይ ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም ጫንኩ። ይሄኛው ያንቺን ዓይነት አቆላለፍ ጭራሽ አያውቀውም። የላኪና የተቀባይ ፕሮግራም ካልተግባቡ ደግሞ ደብዳቤው ይደርሳል እንጂ አይነበብም። ባለፈው ወር የላክሽልኝ ሁለቱም ባዶ ገጽ ሆነው፣ ከሥር አልከፈት ያለ ፋይል አንጠልጥለው መጡ።

እንግዲህ ጉዴን ስሚ። አንቺ ለጎረቤቱ ሁሉ «ወንድሜ የኮምፒዩተር ሐኪም ነው» እያልሽ ስትኮሪብኝ፣ የገዛ እህቴ ደብዳቤ አልከፈት አለኝ ማለት አፈርኩ። ደግሞስ ምን ልትጽፊ ነው ብዬ ናቅሁት፤ ያው የጣሪያው ማፍሰስ፣ የእማዬ መድኃኒት አልውጥም ማለት። ስለዚህ «እሺ እትዬ፣ እንዳልሽው ይሁን፣ አንቺ አስበሽበት አትሳሳቺም» ብዬ መለስኩልሽ። ለሁለተኛውም «እግዜር ያሳካው» አልኩሽ።

ትናንት ወደ ሱቃችን አንዲት ጠበቃ መጣች። የደንበኛዋ ኢሜይሎች ባዶ እየሆኑ አስቸግረዋታል። ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ ከፍቼ ስመረምር ያው የኔው በሽታ ሆኖ አገኘሁት፤ እሷና ደንበኛዋ የያዙት አቆላለፍ የተለያየ ነው። የሱን ዓይነት የሚያውቅ ፕሮግራም ጫንኩላት፣ ቁልፏን አስገባሁ፣ ደብዳቤዎቹ ተራ በተራ ተከፈቱ። «ሳላነብ መልሼለት ቢሆን ጉድ ፈልቶልኝ ነበር» ብላ እየሳቀች ሄደች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

እንደወጣች አሮጌ ስልኬን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ያንቺን አቆላለፍ የሚያውቅ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ጭኜ፣ ቁልፌን ከአሮጌው ገልብጬ ደብዳቤዎችሽን ከፈትኩ። እትዬ፣ ክው ብዬ ቀረሁ። ጡትሽ ላይ እብጠት መገኘቱን፣ ሐኪሙ በአስቸኳይ ይውጣ ማለቱን፣ አንቺ ግን ትልቋ ልጅሽ ቀጭኔያችን ፈተናዋን እስክትጨርስ ለማንም ትንፍሽ ሳትይ ልታቆዪው ማሰብሽን ቆሜ አነበብኩ። «ተይው ካልከኝ እተወዋለሁ፣ ተቆጥተህ ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ» ብለሽኝ ነበር። እኔ እንዳልሽው ይሁን አልኩሽ። ሁለተኛው ደግሞ የቀዶ ሕክምናውን ቀጠሮ መሰረዝሽን የሚናገር ነው። እግዜር ያሳካው ያልኩት ለዚህ ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልወረደልኝም፤ አለቃዬም አመመህ ወይ እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል።

ወዲያው ደወልኩልሽ። «አሁን ሰው አለ፤ አንዴ እሺ ብለሃል፣ አለቀ» ብለሽ ዘጋሽብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አታነሺም። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ ያለ ምንም ቁልፍ፣ ሁላችሁም በምትከፍቱት በቤቱ አድራሻ ልኬያታለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚያነባት አላውቅም። እንደምትቀየሚኝ አውቃለሁ። ድነሽ ተቀየሚኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለተደበቀባት ነገር እኔን ትቆጣኝ እንጂ አንቺን እንዳትናገርሽ። ትንሹን ዱርዬ ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ሰሞኑን ቤት ውስጥ ኳስ እንዳይመታ። ቀጭኔዬን ናፍቄያታለሁ፤ ፈተናውን ብትወድቅም የሚቆጣት የለም፣ እናቷን ግን ብቻዋን እንዳትተዋት። ለጋሼ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይዞሽ እንዲሄድ እለምነዋለሁ። ወንድሜ ተስማምቶልኛል ብትዪው እንዳይሰማሽ። እኔ እሺ ያልኩት ለባዶ ገጽ ነው፤ ላንቺ መልሴ እምቢ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሱቁ ጀርባ፣ ከጥገናው ክፍል
ኅዳር ፲፩ ቀን