«የለም» ብዬ የሞላሁት

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ አባት ለገዳሙ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ካርቱም ይድረስህ። ሔዋን ደህና ናት፤ አምስተኛ ክፍል ገብታለች። እኔም ጤና ነኝ፣ ሥራዬ ላይ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ስትከፍት የአባትህን ማረፍ ሰምተሃል። የአክስትህ ልጅ ቢተው መኪናውን ይዞ በመተማ ሲሻገር፣ ሰው ሰብስቦ ጠዋት ላይ እንዲያረዳህ፣ ደብዳቤውን ግን ሦስት ቀን ቆይቶ እንዲሰጥህ አደራ ብየዋለሁ። ቢተው የሚያውቀው አባባ በክረምቱ ብርድ መሞታቸውን ብቻ ነው። የቀረውን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

«አባቴን እንዴት መጦሪያ ታስገቢያለሽ?» ብለህ በጻፍክልኝ ጊዜ መልስ አልሰጠሁህም። ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ጥር አንድ ቀን እኔ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነኝ፤ ሔዋን ትኩሳት ይዟት ቤት ተኝታለች። አባባ ሻይ ሊያፈሉ ቡታጋዙን ለኮሱና እንደነደደ ትተውት ወጡ። መጋረጃው ተያያዘ። ጎረቤታችን ጭሱን አይታ በሩን ገፍታ ገባችና ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አወጣቻት። አባባን ያገኘኋቸው ድሮ ይሠሩበት የነበረው አውራ ጎዳና ግቢ በር ላይ ነው። «ግሬደሩን አስነሱልኝ፣ ረፍዶብኛል» እያሉ ከዘበኛው ጋር ይጨቃጨቃሉ። ጡረታ ከወጡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በሳምንቱ መጦሪያው ወሰድኳቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ በቁይ መንገድ በኩል ያለ፣ አንድ ማኅበር የሚያስተዳድረው ግቢ ነው። ሠላሳ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ይኖሩበታል። እሑድ እሑድ እየሄድኩ አያቸው ነበር። ኮታቸውን ለብሰው ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እሑድ ቀን ሁሉም ነገር ደህና ነበር።

ሐምሌ ላይ መጦሪያዎችን የሚገመግም ቡድን ተቋቋመና ከጤና በኩል እኔ ተመደብኩ። ከማኅበራዊ ጉዳይ የመጣው አቶ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። የባሌ አባት እዚያ ይኖራሉ ብዬ ለአለቆቼ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሌላ ሰው ከሚሄድ እኔ ብሄድ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ለምን እንደሚሻል ግን አላሰብኩም።

ቅጹ አራት ገጽ ነው፣ ሠላሳ ስምንት ጥያቄ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት «አለ»፣ «በከፊል»፣ «የለም» የሚሉ ሳጥኖች አሉ።

ሐምሌ 21 ቀን ሄድን። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አርሴማ በር ላይ ተቀበለችን። እሑድ እሑድ ስታየኝ የከረመች ሴት እንደ አዲስ ሰው ስሜን ጠየቀችኝ፤ እኔም ነገርኳት። እንደምንመጣ ከሳምንት በፊት በደብዳቤ ተነግሯታል። አንሶላዎቹ አዲስ ናቸው፤ የታጠፉበት መስመር ገና አልጠፋም። የእጅ መታጠቢያው ሳሙና ውሃ አልነካውም። የውሃ ሮቶውን ከፍቼ አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ሽንት ቤቱ ሽማግሌ የሚደገፍበት ብረት አለው ወይ ይላል፤ «የለም» አልኩ። ማብሰያ ቤቱ ጭስ ማውጫ አለው ወይ ይላል፤ «በከፊል» አልኩ። እስከዚህ ድረስ የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው።

የወንዶቹ ክፍል ስንገባ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አዩኝ። ያን ቀን አእምሯቸው ጥርት ብሎ ነበር፤ አወቁኝ።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ?» አላቸው ኃይለ ሚካኤል።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምግቡ ይበቃዎታል?»

«ይበቃል።»

«የሚያጥብዎ ሰው አለ?»

«አለ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉና «ሲስተር፣ እርስዎም ይጻፉት። ደህና ነው ይበሉ» አሉኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት «ልጄ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው «እርስዎ» አሉኝ። በሥራዬ እንዳልጠየቅ ነው መሰለኝ።

የደም ግፊታቸውን ልለካ እጅጌያቸውን ሰበሰብኩ። አንጓቸው ላይ ዙሪያውን የሄደ ቁስል አለ፤ አንዳንዱ ቦታ ደርቋል፣ አንዳንዱ ቦታ ገና እርጥብ ነው። ሌላኛውም እጅ እንደዚያው። ነርስ ነኝ፤ የገመድ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለገኝም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ በቀስታ።

«የሰዓት ነው» አሉና እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡት።

ሰዓታቸውን አንተ የሄድክ ዕለት አውልቀው እጅህ ላይ እንዳሰሩልህ ታውቃለህ።

ኃይለ ሚካኤል መስኮቱን እየለካ ነበር፤ ያላየ መሰለኝ። ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የተኙ ሽማግሌ ግን ሁለት እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጡና አሳዩኝ። የእሳቸውም እንደዚያው ነው።

አርሴማን በረንዳው ላይ ለብቻዋ ያዝኳት።

«ታስሯቸዋላችሁ?»

አልካደችም። «ሲመሽ ነው። ለሠላሳ አንድ ሰው ሁለት ሠራተኛ ነው ያለኝ። አጥሩን አይተሽዋል፣ ቆርቆሮ ነው። አባትሽ ሦስት ጊዜ ወጥተው መንገድ ላይ አግኝተናቸዋል፤ አንዴ አይሱዙ ሊደፈጥጣቸው ሲል ለጥቂት ነው የተረፉት። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

እጄ ላይ ያለውን ቅጽ ገለጥኩ።

«ከጻፍሽው ይዘጉታል» አለች። «ከተዘጋ ሁሉም ወደመጣበት ነው የሚመለሰው።»

ወደመጣበት ማለት ሁለት ክፍል ቤት ነው። ቡታጋዝ፣ የእኔ ተረኝነት፣ ሔዋን።

ጥያቄ አሥራ ሰባት «ነዋሪዎችን ማሰር ወይም በኃይል መያዝ» ይላል። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ፈረምኩ፤ ኃይለ ሚካኤልም ከሥሬ ፈረመ። ጠቅላላ ውጤቱ «ጥሩ» ሆነ።

ስንወጣ አርሴማን «የእኔን እንዳታስሪያቸው» አልኳት። የእኔን ነው ያልኩት። እጃቸውን ስላሳዩኝ ሽማግሌ አላነሳሁም። «እሺ» አለች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ልወቅሳት አልችልም።

አባባ አሥራ ዘጠኝ ሌሊት ሳይታሰሩ አደሩ። ነሐሴ 11 ቀን ጠዋት አልጋቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የአጥሩ ቆርቆሮ ተገፍቷል። እኔ ዘንድ መልእክት የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የፈለግናቸው ወደ ከተማው በኩል ነው፤ ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አውራ ጎዳና ግቢ። ወደ ቤት ነው የሚመጡት ብዬ ነበር። ወደ ቁይ የሚወስደውን ማንም አላሰበም። በማግሥቱ ማለዳ እንጨት ይዛ ወደ ከተማ የምትመጣ ሴት ከመጦሪያው ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ አገኘቻቸው። መንገዱ ዳር ውሃ ማሳለፊያው ድንጋይ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሌሊቱን ሲዘንብ ነበር ያደረው። ያን መንገድ በጎልማሳነታቸው በግሬደር የጠረጉት እሳቸው ናቸው። ይህን ያስታወስኩት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ሐኪም ቤት አስከሬናቸውን አየሁ። የእጃቸው ቁስል ድኖ ነበር።

ፍትሐታቸው በወጉ ተደርጓል፤ ዕድሩ ድንኳን ተክሏል፣ የጎደለ ነገር የለም። እኔ አላለቀስኩም። ሴቶቹ እያዩኝ እንደሆነ አውቃለሁ። «የባል አባት እኮ ናቸው» ስትል አንዷን ሰምቻለሁ። ያን ሳምንት ደህና አድርጌ ተኛሁ፣ የሰጡኝንም በላሁ። ይህንንም ልንገርህ ብዬ ነው።

አርሴማ ለቅሶ መጥታ ብዙ አለቀሰች። ስትወጣ ሸኘኋት። ድንኳኑ በር ላይ ቆም ብላ «አሁን ሲመሽ አንድም ሰው ሳናስቀር ሁሉንም ማሰር ጀምረናል፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስብንም» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው።

አርባቸው እስኪወጣ ምንም አላደረግኩም። ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ። ከዚያ አንድ ቀን ኃይለ ሚካኤል ቢሮ ሄጄ የአንጓውን ነገር ነገርኩት። እስክጨርስ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«እኔም አይቻለሁ» አለ።

«መቼ?»

«እጅጌያቸውን ስትሰበስቢ።»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«አንቺ ነሽ የጤና ባለሙያዋ። ‹የለም› ካልሽ የለም ማለት ነው ብዬ ነዋ።»

ሁለተኛ ሪፖርት ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩት። እሱ እንደማይፈርም ነገረኝ፤ ልጆች አሉት። አልጨቀጨቅኩትም።

በመስቀል ማግሥት ነጭ ወረቀት ላይ በራሴ ስም ጻፍኩ። ሐምሌ 21 ቀን በጥያቄ አሥራ ሰባት የሞላሁት ሐሰት መሆኑን፣ ሁሉም ነዋሪዎች ሲመሽ እንደሚታሰሩ፣ ቤቱ ለምሽት አራት ሠራተኛና የድንጋይ አጥር እንደሚያስፈልገው፣ ነሐሴ 11 ቀን አካለ ወልድ የተባሉ ነዋሪ ወጥተው መሞታቸውን ጻፍኩ። ቢዘጋ ሠላሳው ሰው የት እንደሚሄድ የሚለውን ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። አላውቅም። ባዶ ተውኩት።

መዝገብ ቤት የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቱን ተቀብላ ማኅተም ልታደርግ ስትል እያነበበች መጣችና ሟቹ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ጥቁር ልብሴን አየች።

«እኚህ ሟች፣ አካለ ወልድ የተባሉት፣ ይዛመዱሻል እንዴ?»

«አዎ።»

«ምንሽ ናቸው?»

ሐምሌ ላይ መመለስ የነበረብኝ ጥያቄ ይኸው ነበር።

«አባቴ ናቸው» አልኳት።

ማኅተሙን መታችና ቁጥር ሰጠችኝ። ቢሮው እስከ ዛሬ አልጠራኝም። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ ሔዋንን ይዤ ቁይ እናቴ ዘንድ እገባለሁ፤ ብትጽፍልን በዚያ አድራሻ ጻፍ።

ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። መቃብራቸው ላይ ስማቸውን ብቻ አስጽፌያለሁ፤ የልጅ ስም የሚጻፍበት ቦታ ትቼልሃለሁ።

እሳቸውን ፈጣሪ ከብርዱ ያሳርፍልን፤ አንተንም በሰው አገር ክፉ አያግኝህ። ሔዋን እጅህን ስማለች።

የብርጓል