ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ

ውድ ባለቤቴ አብዱልሰመድ፣

አላህ ማረፊያህን ያማረ ያድርገው። የተከልከው ማንጎ ዘንድሮም አፍርቷል። ፍሬው ቆርቆሯችን ላይ ሲወድቅ ድምፁ ያው የድሮው ነው፤ የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ድሮ ድው ሲል፣ እንግዳ በር የመታ ይመስል «ግባ፣ በሩ ክፍት ነው» ትል ነበር። እኔም እስቅ ነበር። በዚያ የተኩስ ሰሞን የመጀመሪያዋ ጥይት ቆርቆሮውን ስትመታው ማንጎ መሰለህ። ያንኑ ብለህ ፍሬውን ልታነሳ ወጣህ። አልተመለስክም።

ከዚያ ወዲህ ማንጎ በወደቀ ቁጥር መሬት ላይ እደፋለሁ። ሰሞኑን እንዲሁ ስደፋ የፈላ ሻይ ክንዴ ላይ ገለበጥኩ። ወንድምህ ሙሄ ቁስሉን አይቶ፣ «ጁምዓ ከሰላት በኋላ መጥረቢያ ይዤ እመጣለሁ» አለ።

«ዛፉ ምን አደረገ?»

«ዛፉስ ምንም። አንቺ ነሽ እንጂ የምታልቂው፣ እትዬ።»

ጎረቤታችን ፋዲላም፣ «ቁረጠው ባክህ። እሷ በተደፋች ቁጥር እኔም አብሬ እየተደፋሁ ጉልበቴ አለቀ» አለች።

ታውቀኛለህ፣ መጠቅለያ ወረቀት ሳላነብ አልጥልም። ዝንጅብል በተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ስለ ድንጋጤ ተጽፎ አገኘሁ። ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ አካል ማንንም ሳያማክር ይዘላል ይላል። የፈራ ሰው አብዝቶ ይደነግጣል፤ ደስ የሚለውን ነገር የሚያይ ሰው ግን ድንጋጤው ይለዝባል። ደጋግሜ አነበብኩት። እንግዲያው ነገሩ የዛፉም የጆሮዬም አይደለም፤ ድምፁ ሲመጣ ልቤን የሚያገኝበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ከሰዓት ከሰዓት ቆርቆሮው ስር እየተቀመጥኩ ሆን ብዬ አንተን ማሰብ ጀመርኩ፤ የሞትክበትን ሳይሆን የሳቅክበትን። ከደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ሲቀበለን፣ «ሸዋ ሮቢት ሳመችኝ» ያልከውን። መጀመሪያ አልሆነልኝም። ተደፋሁ፤ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ጁምዓ ሙሄ መጥረቢያውን ይዞ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ሻይ ይዤለት ስሄድ ድው አለ። አልዋሽህም፣ ደነገጥኩ፤ ሻዩ እጄ ላይ ተረጨ። ግን አልተደፋሁም። አፌ ሳላዘው፣ «ግባ፣ በሩ ክፍት ነው» አለ።

ሙሄ የማን ቃል እንደሆነ ያውቃል። መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጫማውን አወለቀ።

«እሺ፣ ገባሁ» አለኝ።

ዛፉ አይቆረጥም። ነገም ቆርቆሮው ስር እቀመጣለሁ። መደንገጤ ላይቀር ይችላል፤ ድው ባለ ቁጥር ከጥይቱ ቀድመህ ልቤ ላይ የምትደርሰው አንተ እስክትሆን ድረስ ግን አልነሳም።

በሩን ያልዘጋችው፣
ሐጂራ