ዋስ ያለው ሞኒተር

ማክሰኞ፣ ጥር 6

መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መጣ። መጋዘን ውስጥ የጤፍ ጆንያ ከግድግዳው ስናርቅ ዋልን፣ እርጥበት ገብቶበታል። ወገቤን ይዞኛል።

ቤት ስገባ አካለ ወልድ ኮምፒውተሩ ፊት ነበር። የስክሪኑ ግማሽ ጠቁሯል። ልጄ በቀረው ግማሽ ይጫወታል። ኳሷ ወደ ጥቁሩ ስትገባ እጁን አሳርፎ ይጠብቃታል... እስክትወጣ።

"መቼ ተበላሸ?"

"ቆየ።"

"ምነው ሳትነግረኝ?"

"ብነግርህ ምን ልታደርግ?"

እውነትም፣ ምን ላደርግ?

ስለዚህ ልጅ የሚያስፈራኝ፦
– የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከጣለው ወዲህ ዝም ማለቱ።
– ውጭ ሲውል ከእነማን ጋር እንደሚውል አለማወቄ።
– ይሄ ስክሪን ጨርሶ ሲሞት ቤት የሚያስቀምጠው ነገር አለመኖሩ።
– የኔአለም።

የኔአለም የጎረቤታችን የዘመናይ ልጅ ነው። ከእኛው ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማሩ። ኅዳር ላይ "መጣሁ" ብሎ ወጣ። አልመጣም። የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ የሚያውቅም አይናገርም። ዘመናይ ስልኳን ከእጇ አታወርድም።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ወሰንሁ። ሞኒተር እገዛለታለሁ። ሌላው ልጁን በምክር ይይዛል፣ እኔ በኬብል ልያዘው።

ማሬ "ለጨዋታ?" አለች። ሚስቴ አንድ ቃል ትናገርና ሌላውን በዓይኗ ትጨርሰዋለች።

"ቤት እንዲውል" አልኋት።

እሷም ትፈራለች።

ለልጁ ስነግረው ቀና አላለም። "የማይረባ እንዳታመጣ።"

"የሚረባው የቱ ነው?"

"አንተ አታውቀውም።"

"ንገረኝ፣ እጽፈዋለሁ።"

"ይጽፈዋል..." አለ፣ ለማን እንዳለው እንጃ። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን።

የጻፍሁት፦
– 24 ኢንች ወይ 27። ጠረጴዛው ይችላል? ይለካ።
– 144 ሄርዝ። ሄርዝ ምንድን ነው?
– ጠፍጣፋ ነው ጎባጣ? ጎባጣው ለምን ጎበጠ?
– መብራት ሲዘል ይቃጠላል? ስታብላይዘር ይጠየቅ።

እሁድ፣ ጥር 11

ታቦት አጅበን ተመለስን። አካለ ወልድ ከቤት አልወጣም። በጥምቀት ቀን ልጁ ቤት ስለዋለለት ደስ ያለው አባት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ከሥራ አስፈቅጄ ዩኒቨርሲቲው ጋ ያለች ኮምፒውተር ቤት ሄድሁ። ሻጯ ሂዊ ትባላለች፣ ገና ልጅ ናት። ወረቀቴን አውጥቼ ሳነብላት አልሳቀችም። ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን አበራችልኝ።

"ጋሼ፣ የማውሷን ቀስት ብቻ ይዩ።"

አየሁ። በአንዱ ቀስቷ እየዘለለች ትሄዳለች። በሌላው ትፈሳለች፣ እንደ ውሃ። ቆሜ ብዙ አየሁ... ያምራል። ስልሳውና መቶ አርባ አራቱ ማለት ይሄ ነው፣ በሰከንድ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚቀይር። ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ማንበብም አሳየችኝ፣ ሻጭ ሁሉ እውነት አይናገርምና።

ጎባጣው ለጨዋታ ግድ አይደለም አለች። ኮምፒውተሩ ራሱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ፈጣን ስክሪን ጥቅሙ ግማሽ ነው። ይሄንን ለአካለ ወልድ ስነግረው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ነበር። ጨርሼ ነው ያየሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ዛሬ ጥሩ ቀን ነው። ልጻፈው።

ልወጣ ስል አካለ ወልድ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሟል። "አብሬህ ልሂድ" አለ። ከእኔ ጋር መንገድ ከሄደ ስንት ጊዜው... ትንሽ ሳለ ከብት ገበያ እወስደው ነበር። ስንሄድ አንድ ሁለት ጊዜ "አባዬ" አለኝ። አፉን አዳልጦት ይሆናል ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ።

ሂዊ ያገለገለ 27 ኢንች አቆየችልኝ። አዲሱ አቅሜ አይደለም። እቃው ያገለገለ ከሆነ ደግሞ እኔ እንዴት እንደሚገዛ አውቃለሁ፣ አባቴ በሬ ሲገዛ እያየሁ ነው ያደግሁ። ዞርሁት። ጀርባውን በጣቴ መታ መታ አደረግሁ። አነሳሁት፣ ክብደቱን አየሁ። አራቱን ጥግ በመዳፌ ዳሰስሁ። አብርታ ትንሽ እንድታቆየው ጠየቅኋት፣ ሲደክም የሚጠፋ እንዳይሆን። ከዚያ "ዋሱ ማነው?" አልሁ።

"የምን ዋስ ጋሼ?"

"ያመጣልሽን ሰው የሚያውቅ ሰው። የተሰረቀ ቢሆንስ? ከብት ገበያ ዋስ ያላቆመ ሻጭ ገመድ አያስጨብጥም።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሳር አይበላም።"

"ባይበላም ባለቤት አለው።"

እየሳቀች ሄዳ ጎረቤቷን ባለፎቶ ቤቱን ጠራችው። ያመጣላትን ሰው ያውቀዋል፣ አብሮት ተከራይቶ የነበረ ተማሪ ነው። በስሙ ዋስ ቆመ። ከፈልሁ። አካለ ወልድ ከኋላዬ ስልኩን ይዞ ቆሞ ነበር። ፈገግ ሲል አየሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሞኒተሩ ይሠራል። ስታብላይዘርም ገዛሁ። "እንዴት ነው?" ስለው "ይሻላል" አለ። በቂ ነው።

ወደ ሥራ ስሄድ አንድ ባለባጃጅ ቀስ ብሎ አጠገቤ መጣና "ፋዘር፣ ዋሱ አለ?" ብሎ አለፈ። ከሰው ጋር አሳስቶኝ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጥር 21

አላሳሳተኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረባዬ ገዳሙ ወደ መጋዘኑ መጣ። አንድ ቢሮ ስንሠራ ዘመናችን ነው፣ እኔ ንብረት እሱ ሒሳብ። "ደመላሽ፣ ይቺ ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት ዋስ ጥራልኝ" አለ። ከኋላው ያሉት ሳቁ። ተሸካሚዎቹም ሳቁ። ስልኩን ሰጠኝ።

እኔ ነኝ። ከኋላዬ የተቀረጸ። ላዩ ላይ "አባቴ ሞኒተር ሲገዛ" ይላል። ጀርባውን መታ ሳደርግ የበሬ ግሳት ገብቶበታል። ሳነሳው ስክሪኑ ላይ ቀንድ ተስሎበታል። "ዋሱ ማነው?" ያልሁትን ደጋግሞ፣ ደጋግሞ፣ ድምፄን እያቀጠነ...

ራሴን ከኋላ አይቼ አላውቅም ነበር። አናቴ እንዲህ ሳስቷል? የኮቴ ጨርቅ ከወገቡ ተተርትሮ ወጥቷል። ከሥሩ አንዷ "የሽማግሌውን ጥርስ ያየለት አለ?" ብላ ጽፋለች። አንዱ "ስንት ነው የሚሸጡት?" ይላል። ልጄ ሥሩ መልሶለታል፦ "ከነገመዱ ውሰደው።"

ይሄን እሱ ጻፈው? ስሙ ነው ያለበት።

ከሰዓት አንድ ገበሬ የእህል መረከቢያ ላስፈርመው ስል ፊቴን አየና "እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለኝ። እኔ ነኝ አልሁት። ከልብ ነው የሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፣ እሱ ነው የባሰው።

ማታ ማሬን ጠየቅኋት።

"አይተሽዋል?"

"ቅዳሜ ለታ አሳየኝ።"

"ሳቅሽ?"

"ምን ላድርግ ደመላሽ... ያስቃል እኮ።"

ሐሙስ፣ ጥር 22

"አጥፋው" አልሁት።

ከስክሪኑ ዓይኑን አላነሳም። እኔ በገዛሁለት ስክሪን ላይ ሰው ያሳድዳል። ቀስቷ አትዘልም፣ ትፈሳለች።

"ሰው እኮ ወዶሃል" አለ።

"ሳቀብኝ እንጂ መች ወደደኝ?"

"አባቴ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ነበር? አሁን ቡሬ ያሉት ሁሉ ያውቁሃል።"

"አካለ ወልድ፣ አጥፋው ብያለሁ።"

ያን ጊዜ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። "እሺ፣ ላጥፋው። ከዚያ እዚህ ቤት ምን አለኝ? ፈተና ወድቄ፣ ሥራ የለኝ... በሕይወቴ የሠራሁት የተወደደ ነገር ይሄ ብቻ ነው። ይሄም ከጠፋ እንደ የኔአለም መሄድ ነው።"

ያውቃል። የቱ ጋ እንደሚያመኝ አውቆ ነው የነካኝ፣ እንደ ሻጭ።

"ተወው በቃ" አልሁት። "ነገ እንነጋገርበት።"

ዓርብ፣ ጥር 23

አልተነጋገርንበትም።

እሁድ፣ ጥር 25

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዘመናይ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ሬሳ ሳይመጣ፣ መርዶም ሳይነገራት፣ እንዲሁ አዘቅዝቃዋለች።

"አካለ ወልድ አለ? ስለ የኔአለም የሰማው ይኖር እንደሆነ..."

ነበር። ድምፁ ከውስጥ ይሰማል።

"ተኝቷል" አልኋት።

እሷም ሰማችው። አልተከራከረችኝም። ልጄ ስለ የኔአለም እንዲያወራ፣ እንዲያስብ፣ እንዲናፍቀው አልፈልግም። እናቲቱ ግን ምን ትሁን? እንጃ። የራሷ ጉዳይ ነው አልሁ በልቤ። እንዲህ ነው ያልሁት።

ልትሄድ ስትል "ቪዲዮውን አየሁት ጋሽ ደመላሽ" አለች። መሬት መሬት አየሁ። መቼም እሷም ልትስቅ አይደለም።

"የኔ ልጅ ባገር ፊት እንዲህ በሳቀብኝ። ቤት ውሎ፣ በልቶ፣ በሳቀብኝ።"

ሄደች። እስክትታጠፍ አየኋት።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

"አታጥፋው" አልሁት።

"መች ላጠፋው ነበር" አለ።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ሥራ ቦታ ለምጄዋለሁ። ገዳሙ ዛሬ ብዕር ሲዋሰኝ "ዋስ ጥራ" አልሁት፣ ራሴ ቀድሜ። ሳቀ፣ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ቅር ያለው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

አካለ ወልድ ራሱ ቁርስ አቀረበልኝ። ማሬ በዓይኗ ጠየቀችኝ፣ እኔም በዓይኔ አላውቅም አልኋት።

"አባዬ፣ ሰው ሁለተኛ ቪዲዮ እያለ ነው። ሌላ ሱቅ እንሂድና ሌላ ሞኒተር የምትመርጥ እናስመስል።"

"አሁን እኮ አወቅሁት። ሄርዙን በለው፣ ከኋላ ጽሑፉን ማንበቡን በለው..."

"እንዳታውቅ።"

"እንዴት?"

"ያኔ እንደነበርኸው ሁን። ኮትህንም እሱኑ ልበስ።"

ማሬ የኮቱን ትርትር ሰፍታው ነበር። መልሳ ፈታችው። ለልጁ ስትል ነው። እኔም ለልጁ ስል ለበስሁት። ሁለታችንም አንድ ሥራ ላይ ነን።

የቀረጻው ቀን ግን ለሳምንት ተላለፈ። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ነው የዋለው፣ ምን እንደምል እየጻፈልኝ። ከእኔ ነው የወረሰው መዘርዘሩን... "ቀንዱ የታለ በል" ብሎ ጽፏል። "ስትወድቅ አትነሳ ቶሎ" ይላል። መውደቅም አለ ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

መናኸሪያው ጋ ያለ ሱቅ ነው የሄድን። ሻጩ ቀድሞ ተነግሮታል፣ ስልክ ሲያይ ፀጉሩን አስተካከለ። እኔን አቅፎ "ፋዘር ታዋቂው" አለኝ።

አንድ ሰው ቀድሞን ገብቶ ቆሟል። ከሮብ ገበያ ቀበሌ የመጣ ገበሬ ነው፣ ልጁ አብራው ናት፣ ኮምፒውተር ትማራለች። ጨዋታም መሥራት ልትማር ነው መሰለኝ፣ ፈጣን ስክሪን ነው የምትፈልግ። ሻጩ አንድ ያረጀ የቢሮ ስክሪን አውጥቶ "መቶ አርባ አራት ነው" አላቸው። ፊት ለፊት አብረቅራቂ ወረቀት ተለጥፎበታል። እኔ ከኋላ በኩል ነበርሁ። ጀርባው ላይ ያለውን አነበብሁ። ስልሳ ይላል።

አፌን ከፈትሁ።

አካለ ወልድ ከስልኩ ጀርባ ራሱን ነቀነቀብኝ። ቀረጻው ጀምሯል። ሻጩም አየኝ። ዓይኑ ይስቃል... ማን ያምንሃል ዓይነት።

ገበሬው "እርስዎስ ምን ይላሉ? ዕድሜ አለዎት" አለኝ። አክብሮ ነው የጠየቀ። ቪዲዮውን አላየም ማለት ነው፣ ካገር አንድ ሰው።

"ቀንዱ የታለ?" አልሁ።

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ገበሬው ደነገጠ፣ ከዚያ እሱም ሳቀብኝ። ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። እኔ ስንገዳገድና ስወድቅ፣ የበሬ ጥርስ እንደሚያይ ሰው አፌን ከፍቼ ስክሪኑን ስፈትሽ፣ ሰውዬው ከኪሱ በፌስታል የጠቀለለውን ገንዘብ ፈትቶ ከፈለ። ስክሪኑን ጀርባው ላይ አዝሎ ወጣ። በር ላይ ዞር ብሎ አንድ ጊዜ አየኝ። አዘነልኝ መሰለኝ።

ወለሉ ላይ ቆየሁ፣ ቶሎ አትነሳ ብሎ ጽፎልኛላ።

ከዚያ አካለ ወልድ መጣ፣ አነሳኝ፣ ስልኩን ከፊታችን ዘርግቶ ትከሻዬን አቀፈኝ። "አባቴ ነው" አለ ለሰዉ። "የኔ ጀግና።" እጁ ከባድ ነው። ሙቀቱ በኮቴ በኩል ገባኝ። እንዲህ ሲይዘኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ ካደገ ወዲህ።

ስልኩን ዘጋ። እጁም አብሮ ተነሳ። አንገቱን ደፍቶ የቀረጸውን ማየት ጀመረ።

"መጨረሻው ጥሩ አልመጣም መሰለኝ" አልሁት። "ድገመው።"